የከተማ መካከል ለማን ይመች?

በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ የተነገረ አጭር ታሪክ እናገኛለን። ነዋሪዎቿ ጥቂቶች ነበሩ፤ አንድ ኃያል ንጉሥ መጥቶ ከበባት፣ በዙሪያዋም ምሽግ ሠራባት። በውስጧ ግን አንድ ድኻ ጠቢብ ሰው ነበረና በጥበቡ ከተማይቱን ከጥፋት አዳናት። ጸሐፊው ይህን ከተረከ በኋላ የሚነግረን ስለ ድሉ ደስታ አይደለም። ያን ድኻ ሰው ከዚያ ወዲያ ያስታወሰው እንዳልነበረ፣ ጥበብ ከኃይል ብትበልጥም የድኻ ጥበብ እንደምትናቅና ቃሉም ሰሚ እንደማያገኝ በኀዘን ያመለክተናል። ድኻው ምን ብሎ እንደ መከረ አልተጻፈልንም። ምክሩም ከሰውየው ጋር ተረስቷል።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የአዲስ አበባ መካከለኛ ሰፈሮች ትዝ ይሉኛል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ መሀላቸውን ለኑሮ የተመቸ ለማድረግ ሲመክሩ እንሰማለን። በእኛም ዋና ከተማ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የፒያሳና የአራት ኪሎ አካባቢ መልክ በጥቂት ወራት ውስጥ ተለውጧል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ መብራት ተተክሏል፤ ሣርና ዛፍ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም ተሠርቷል። በዚያው ጊዜ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ሰዎቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። በዚህ ጽሑፍ አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመክሰስ አልተነሣሁም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ የሚቀድም ነው፦ አንድ ቦታ ለኑሮ የተመቸ መሆኑን ሊፈርድ የሚገባው ማን ነው? ነዋሪውን ማማከር በጎ ፈቃድ ነው ወይስ ግዴታ? ደግሞስ ነዋሪው ሁልጊዜ ትክክል ይፈርዳልን?

አስቀድሞ ስለ ቃሎቹ ጥቂት እንበል። «ነዋሪ» የተባለው «ኖረ» ከሚለው ግሥ ነው። «ኑሮ» ግን በአማርኛችን ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ሕይወትን መምራት ማለት ነው፣ ለዚያም የሚከፈለውን ዋጋ ማለት ነው። ከገበያ የተመለሰች እናት «ኑሮ ተወደደ» ስትል ስለ ሽንኩርትና ስለ ዘይት ትናገራለች እንጂ ስለ ሕይወት ትርጉም አትፈላሰፍም። ሆኖም ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እንግዲህ ለኑሮ የተመቸ ከተማ ስንል ለዐይን ያማረውን ብቻ ሳይሆን ሰው በገቢው ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ ማለታችን ነው። አበባ የተተከለበት ጎዳና፣ አበባውን የምታጠጣው ሴት በአቅራቢያው ቤት ልትከራይ ካልቻለች፣ ለመንገደኛ የተመቸ ነው እንጂ ለነዋሪ ተመችቷል ለማለት ያስቸግራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በመሐንዲስ ንድፍ አልተጀመረችም። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ በየሰፈሩም ጌታውና ሎሌው፣ ባለጠጋውና ድኻው ጎን ለጎን ቤት ቀለሱ። «ሰፈር» የምንለው ስም ራሱ የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ነው። ይህ ኑሮ እኩልነት ያለበት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጌታና ሎሌ እኩል አይደሉምና። ነገር ግን ድኻው ከባለጠጋው ዐይን የተሰወረ አልነበረም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያም ሁሉን የሚያገናኝ አደባባይ ነበር። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲይዝ ሌላ አሳብ ይዞ መጣ። ነጮችና የአገሬው ሰዎች ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያዝ ፕላን ተነደፈ፤ ገበያውም ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ተወሰደ። የቀድሞው ቦታ ፒያሳ የሚለውን የጣልያንኛ ስም ይዞ ቀረ። ዕውቁ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬም በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን በዐይኑ ሳያያት ንድፍ አወጣላት። በንድፉ ላይ ቀጥ ያለ ታላቅ ጎዳና ይታያል፤ ሰው የኖረበት ሰፈር ግን አይታይም። ምድሪቱ ለእርሱ ባዶ ወረቀት ነበረች። ደግነቱ ንድፉ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

ከነጻነት በኋላም እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከእርሱም በኋላ የፈረንሳይ፣ የሃንጋሪና የጣልያን ባለሙያዎች፣ ኋላም የራሳችን ሊቃውንት በየተራቸው ፕላን አወጡ። ብዙዎቹ የሚመሰገን ዕውቀት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ነዋሪው ግን ፕላኑን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግበት ነበር።

የመሀል ከተማውን ኑሮ ከሁሉ ይበልጥ የወሰነው ግን ፕላን ሳይሆን ሕግ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛዎቹ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም እጅግ ዝቅተኛ ሆነ። ድኻው በዚህ ምክንያት በከተማው እምብርት ሊኖር ቻለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ስለ ነበረ ቀበሌው ቤቱን አላደሰውም፤ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ ሊያድሰው አልደፈረም፣ ሊያድስ ሲነሣም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ጭቃው እየረገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ አባወራ እየተጋራው ዐርባ ዓመትና ከዚያ በላይ አለፈ። እነዚያን ሰፈሮች ዛሬ በናፍቆት ብቻ የሚያነሣ ሰው በክረምት ሌሊት ጣራው የሚያፈስበት ቤት ያላደረ ይመስለኛል። ፍቅሩ ነበረ፤ ሽታውም ነበረ። ሁለቱንም መናገር ይገባል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በመሀል ከተማ ባለ አንድ ቁምስና ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሻይ በሚቀርብበት አዳራሽ፣ እነዚህን ነገሮች በልቤ ይዤ፣ በዙሪያዬ ለተቀመጡት አንድ ጥያቄ አቀረብሁ፦ «ይህ አካባቢ ለእናንተ ለኑሮ እንዲመች አንድ ነገር ብቻ ይደረግ ብትባሉ ምን ትላላችሁ?» ጥናት ለማድረግ አልነበረም፤ ሻዩ እስኪያልቅ ለመጨዋወት ያህል ነበር።

በመጀመሪያ የመለሱልኝ በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ መቀመጫስ ሠርተውልናል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ነገር ግን መደገፊያ የለውም። እኔ ከተቀመጥሁበት ለመነሣት እጄን የማሳርፍበት እሻለሁ» አሉኝ። አንድ የዕድር ዳኛ ቀጠሉ፦ «እኛ ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ነው የጠፋን። ቀድሞ መንገዱን እንዘጋና ሦስት ቀን እንቀመጥ ነበር። አሁን መንገዱ አምሯል፣ አይዘጋም፤ ታዲያ ሬሳ የወጣበት ቤት እንግዳውን የት ያስቀምጥ?» አንዲት ወጣት እናት በመንገዱ ላይ መብራት ቢበዛም ከመንገዱ ወደ ቤቷ የሚያስገባው ቅያስ እንደ ጨለመ መሆኑን ነገረችኝ። ጫማ የሚያሳምር ልጅ ደግሞ የሚጠለልበት ዛፍ ጠየቀ፤ አሁን የተተከሉት ዛፎች ጥላ እስኪኖራቸው እርሱ ትልቅ ሰው እንደሚሆን ሲናገር ሁሉም ሣቁ። አንድ ጡረተኛ መምህር የመጻሕፍት ንባብ ቤት አነሡ። ሌላይቱ እናት ያሉትን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። የእርሳቸው ጎረቤቶች ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ተዛውረዋል፤ እርሳቸው ግን ቤታቸው ከመስመሩ ወዲህ ስለ ዋለ ቀርተዋል። «ለእኔ የሚመቸኝ» አሉ፣ «ሰው ነው። ሌሊት ቢያመኝ ግድግዳውን ደብድቤ የምጠራው ሰው።» ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንዲሉ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ አሳቦች ትንንሽ ሊመስሉ ይችላሉ። የመቀመጫ መደገፊያ፣ የድንኳን ቦታ፣ የቅያስ መብራት፣ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት፤ በአንድ ከተማ ፕላን ፊት ምንድን ናቸው? ነገር ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ አዳራሹ ውስጥ ያልነበረ ሰው ሊያስበው ይችል ነበርን? እኔ ራሴ ጥያቄውን ያቀረብሁት ሰው ስለ መቀመጫ መደገፊያ አስቤ አላውቅም፤ ጉልበቴ ገና አላስተማረኝምና።

በጥንቱ ፍልስፍና ይህን ነገር በሚገባ የመረመረው አርስጣጣሊስ ነው። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል፣ ለሥራ ሁሉ የሚፈርደው የሥራው ባለሙያ ብቻ ነው የሚሉትን ይሞግታል። ቤትን የሠራው ሰው ስለ ቤቱ ይፈርዳል፤ የሚኖርበት ግን ከእርሱ ይልቅ ይፈርዳል። ስለ መርከብ መሪው እንጨት ከአናጢው ይልቅ መርከበኛው፣ ስለ ግብዣውም ከወጥ ቤቱ ይልቅ ተጋባዡ ያውቃል ይለናል። የዚህ አሳብ ኃይሉ ባለሙያውን አለመናቁ ነው። ወጥ ቤቱ ባይኖር ተጋባዡ ጦሙን ያድራል። ነገር ግን ወጡ ለምላስ የተሠራ እንጂ ለወጥ ቤቱ ክብር የተሠራ አይደለም። ዓላማውን የሚያውቀው ዓላማው የሆነው ሰው ነው። ከተማም እንዲሁ። መሐንዲሱ ድልድዩ እንዳይወድቅ ያውቃል፤ ድልድዩ ከየት ወደ የት መሻገር እንዳለበት ግን ዕቃ ተሸክሞ የሚሻገረውን ሰው መጠየቅ አለበት።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ለቆጵሮስ ንጉሥ በጻፈው፣ ስለ ንግሥና በሚናገረው ድርሰቱ፣ ከተማ የሚቆረቁር ገዢ ሊያስብባቸው የሚገባውን ሲዘረዝር ስለ አየሩ ጤንነት፣ ስለ ምግቡ መገኘት፣ ስለ ሥፍራውም ደስ ማሰኘት ይናገራል። ደስ የሚያሰኝ ቦታ ሰው ሊለቅቀው የማይወድደው ነውና ከተማ ያለ እርሱ አይጸናም፤ ሆኖም በመጠኑ መሆን አለበት ይላል። ውበት ለኑሮ ቅንጦት አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ «ድኻ አበባ ምን ያደርግለታል?» የሚለውን ንግግር አልቀበለውም። ድኻም ዐይን አለው፤ ልጆቹም በንጹሕ መንገድ ላይ ቢሮጡ ደስ ይለዋል።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት በዚህ ረገድ የጠራ መሠረት ጥሏል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ አነስተኛው ማኅበር ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ትልቁ ማኅበር ቢወስድበት በደል መሆኑን አስተማሩ። ይህ መርሕ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ዕድራችን የተወለደው በከተማ ነው፤ ከየአገሩ ተሰብስቦ በመጣ፣ ዘመድ በራቀው ሕዝብ መካከል። ማንም ሳያዝዘው ቀባሪ ያዘጋጃል፣ ድንኳንና ወንበር ይገዛል፣ መዝገብ ይይዛል። አንድን ሰፈር በሦስት ቦታ ከፍሎ ማዛወር ቤቶችን ብቻ አይደለም የሚያፈርሰው፤ ስሙ በየትኛውም ፕላን ላይ ያልተጻፈ ይህን ተቋም ጭምር ያፈርሳል። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ከተሞች ማበጥ ሲጽፉ፣ ማኅበራዊው ድር በጎዳናና በሰፈር ደረጃ ተመልሶ እንዲሠራ አሳስበዋል።

ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ከዚህም ጠልቀው ገብተዋል። ለሕንፃ ውበት መጨነቅ ብቻ እንደማይበቃ፣ የሚበልጠው ውበት የሰዎች ኑሮ፣ መገናኘታቸውና መረዳዳታቸው እንደ ሆነ፣ ስለዚህም የሚመለከታቸው ነዋሪዎች አስተያየት በከተማ ፕላን ውስጥ ሊገባ እንደሚገባ ያስተምራሉ። ሰዎችን ከቦታቸው ማንሣት ግድ ሲሆን አስቀድሞ በቂ መግለጫ እንዲሰጣቸው፣ ለክብራቸው የሚመጥን ምትክ ቤት በምርጫ እንዲቀርብላቸው፣ በጉዳዩም ራሳቸው እንዲገቡበት ይጠይቃሉ። ልብ እንበል፤ ቅዱስነታቸው ማንሣት ከቶ አይፈቀድም አላሉም። የሚናገሩት ስለ አካሄዱ ነው። የማይነካ ሰፈር አለ ብሎ መከራከር ይከብዳል፤ ያልተጠየቀ ሰው ሊኖር አይገባም ማለት ግን ይቻላል።

እስካሁን ለነዋሪው ስንከራከር ቆይተናል። ነገር ግን ያንን የሻይ ሰዓት እስከ መጨረሻው ካልተረክሁት እውነቱን አጎድለዋለሁ። በአካባቢው ሱቅ ያላቸው አንድ ጨዋ ምእመን፣ የነዳያን ማኅበር አባልና ቸር ሰው፣ ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእኔ አንድ ነገር ካላችሁኝ፣ ለማኞቹና የጎዳና ልጆቹ ከዚህ ቢነሡልን» አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። እንዲያውም ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእነዚያም አንዷ ጎረቤቶቿ የተነሡባት፣ ግድግዳ ደብድባ የምትጠራው ሰው ያጣችው እናት ነበረች።

በዚህ ጊዜ የአርስጣጣሊስ ምሳሌ ያነክሳል። ተጋባዡ ስለ ግብዣው ከወጥ ቤቱ ይልቅ ያውቃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማን መጋበዝ እንዳለበት የሚፈርደው የተጋበዘው ሰው ነውን? አርስጣጣሊስ ራሱ በዚያው መጽሐፍ ባሮችን ከዜጎች ቁጥር አውጥቷል፤ ስለ ከተማ እጅግ አጥብቆ ያሰበው ሰው ግማሹን ከተማ አላየውም። በእኛም ዘንድ ነዋሪ የሚባለው የነዋሪነት መታወቂያ ያለው ነው። ሃያ ዓመት በአንድ በረንዳ ላይ ያደረ ሰው በዚያ ሰፈር ከማንም ይልቅ «ኖሯል»፤ በመዝገብ ግን ነዋሪ አይደለም። በየማለዳው ከሩቅ መጥታ በጉሊት ቃሪያና ሎሚ የምትሸጠው ሴትም ነዋሪ አይደለችም፤ ይሁንና ነዋሪው ምሳውን የሚሠራው ከእርሷ ገዝቶ ነው። ነዋሪዎች ይጠየቁ ስንል በሩ የሚንኳኳው የማን ነው?

ከዚህም የሚከብድ አለ። ከመፍረሱ በኋላ በዚያው ቦታ የሚጠየቀው የቀረው ሰው ብቻ ነው። የተነሣው ወደ ዳር ከተማ ሄዷል፤ ቀደም ብሎም ብዙዎች ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሄደዋል። ከእነርሱ መካከል የራሳቸው መጸዳጃና የውኃ ቧንቧ በማግኘታቸው እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑ አሉ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በሌላ በኩል ልብስ በማጠብና እንጀራ በመጋገር ትተዳደር የነበረችው ሴት ደንበኞቿ ሁሉ በመሀል ከተማ ቀርተዋል፤ የታክሲው ዋጋ የቀን ገቢዋን ይበላዋል። ስለ መሀል ከተማው ለኑሮ መመቸት ከሁሉ ይልቅ ልትናገር የምትችለው እርሷ ነበረች፤ አሁን ግን የመናገር መብቷን ከአድራሻዋ ጋር አጥታለች። የቀሩትን ብቻ ጠይቆ «ነዋሪው ደስ ብሎታል» ማለት፣ ከጀልባው የወደቁትን ትቶ በጀልባው ውስጥ ያሉትን ስለ ጉዞው እንደ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ የነዋሪ አሳብ ይሰማ ማለት የነዋሪ ፍላጎት ሁሉ ይፈጸም ማለት አይደለም። ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው። እኚያ እናት ስለ መቀመጫው የተናገሩት ምስክርነት ነው፤ ከራሳቸው በስተቀር ሊያውቀው የሚችል የለም፣ ስለዚህም ይታመናል። ባለ ሱቁ ስለ ለማኞቹ የተናገሩት ግን በሌላ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ የሚፈረድበት ሰው ሳይሰማ አይሰጥም። በእርሳቸውም ፍርድ ውስጥ ግን ምስክርነት ተሸሽጎ አለ። ማለዳ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ የሚያገኙትን ማጽዳት እንዳሰለቻቸው፣ ከሚያሸትቱት ልጆች አንዱ አንድ ቀን እንዳስፈራራቸው ቆይተው ነገሩኝ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ልጁም እውነተኛ ችግር አለበት። ልጁን ወደ ሌላ ሰፈር መግፋት ሁለቱንም አይፈታም።

የፍሎሬንስ ከንቲባ የነበሩት ጆርጆ ላ ፒራ፣ ቤተ ክርስቲያን በ2018 እ.ኤ.አ. «የተከበሩ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው ሰው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከቤታቸው ተባርረው ጎዳና ለወደቁ ቤተ ሰቦች ባዶ የተቀመጡ መኖሪያዎችን በሥልጣናቸው ይዘው ሰጥተው ነበር። የሀብታሞቹ ነዋሪዎች አስተያየት ቢጠየቅ ኖሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። እዚያ ላይ ገዢው ነዋሪውን ከመስማት አልፎ ያልተሰማውን ሰው መወከል ነበረበት። ነገር ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ኢዞሎቶ የተባለውን አዲስ ሰፈር ሲያስረክቡ፣ ቦታው የማደሪያ ሠፈራ ሆኖ እንዳይቀር፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት፣ ሱቅና አደባባይ እንዲኖረው ያስቡ ነበር። አንዱ ሰው ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 8 ተመልሳ የምትታነጽ ኢየሩሳሌምን ሲያሳየን ስለ ቤተ መንግሥትም ስለ ግንብም አይናገርም። ከዕድሜያቸው ብዛት የተነሣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይዋ ይቀመጣሉ፤ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በዚያው አደባባይ ሲጫወቱ ይታያሉ። ነቢዩ የከተማን ደኅንነት የሚለካው መሮጥ በማይችሉትና መሮጥ በጀመሩት ነው። ይህን መለኪያ ይዤ በአዲሱ የፒያሳ ጎዳና ላይ በእግሬ ተመላልሻለሁ። ልጆች አሉ፤ ማታ ማታ በብርሃኑ ሥር ሲሮጡ ማየት ደስ ያሰኛል፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበራቸውም። ባለ ምርኩዞቹን ግን እምብዛም አላየሁም። የመደገፊያው ነገር ይሆን፣ ወይስ ወደ ዳር ሄደው ይሆን?

አንድ አሳብ ቀርቶኛል፤ ስለ እኛ ስለ ራሳችን የተነገረ ነውና በመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ጫማ የሚያሳምረው ልጅ ስለ ዛፉ ሲናገር ሁሉም እንደ ሣቁ ጠቅሻለሁ። ሣቁ ሲያበቃ ግን በመስኮት ወደ ቁምስናው ግቢ እየጠቆመ «እዚህ እኮ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ውኃም አለ፣ መጸዳጃም አለ። ግን ከቅዳሴ በኋላ በሩ ይዘጋል» አለ። እውነቱን ነው። በመሀል ከተማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ የእኛም የሌሎችም፣ ከአካባቢው ሁሉ የቀረውን አሮጌ ጥላ በአጥራቸው ውስጥ ይዘዋል። የዕድር ዳኛውም ወዲያው ቀበል አድርገው፣ አዳራሹ በሥራ ቀን ባዶ መሆኑን፣ ሐዘን ሲያጋጥም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ለሆነውም ቢከፈት የድንኳኑ ጥያቄ በከፊል እንደሚፈታ አስረዱ።

ጉዳዩ ወደ ቁምስናው ምክር ቤት ቀረበ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ዘበኛው አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ ቀደም የተሰረቀ ዕቃ አለ፤ የውኃው ሒሳብ ይጨምራል፤ የጸሎት ጸጥታ ሊታወክ ይችላል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ የከተማው ሹማምንትም ለነዋሪ የሚሰጡት ምክንያት ከእነዚህ ብዙም እንደማይለይ ያን ቀን ተረዳሁ። በመጨረሻ አዳራሹ ለሐዘንተኞች እንዲከፈት ስምምነት ተደረሰ። የግቢው በር ደግሞ ለሙከራ ያህል በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተወሰነ። ባለ ሱቁ ምእመን የአንዱን ቀን ጥበቃ እርሳቸው ራሳቸው እንዲይዙ ፈቃደኛ ሆኑ። መጸዳጃውን ማን ያጸዳል የሚለው ግን ገና አልተቆረጠም።